ዜሮ ወይስ ከዜሮ በታች

ላይብረሪው ፋይል እንጂ ሌላ አያውቅም ነበር፤
ዲስክ ላይ ያልተኛ ቁጥር ለእሱ ባዕድ አገር።
የኔ ቁጥር ደግሞ በፋይል አይመጣም፤
ሃሜሶ ካልላከው ከሐይቁ አይወጣም።

ሃሜሶ የመለኪያው ዘንግ ጠባቂ ነው። አሞራ ገደል ማዶ፣
አባ ኮዳዎቹ በዓሣ አንጀት ሳይጣሉ በፊት፣
ሱሪውን ጠቅልሎ እስከ ጉልበቱ ይገባል፤
ውሃው የነካውን ጭረት አጎንብሶ ያነባል፤
ቁልፏ ባለቀ ስልክ ይጽፍልኛል፦
«እንዴት አደርሽ። ሁለት ሜትር ከአሥራ አራት።
ጉማሬዋ ወልዳለች፤ በሸምበቆው በኩል እንዳትመጪ።»

ይህን በሲ የጻፉት ሰዎች ሃሜሶን አላሰቡትም፤
ግን በር ትተውልኛል።
«ማንበቢያሽ ሌላ ከሆነ የራስሽን ጻፊ፣» ይላል ማኑዋሉ፣
«አስመዝግቢልኝ፤ ጊዜው ሲደርስ እጠራዋለሁ።»
እናም ጻፍኩ፦ «ይህ ያንቺ ነው?» ሲል የሚመልስለትን፣
የሚከፍተውን፣ የሚዘጋውን፣
ደግሞም «ይህን ያህል ባይት ስጪኝ» ሲለኝ
ያለኝን ሰጥቶ ስንት እንደሰጠ የሚናገረውን።

ከሁሉ የወደድኩት ግን ያን ዓይነት የለሽ ጠቋሚ ነው።
ስከፍት ለላይብረሪው አሲዘዋለሁ፤
እሱ ሳይፈታው፣ ሳይመዝነው፣ ምን እንደሆነ ሳይጠይቅ
በጠራኝ ቁጥር እጄ ላይ መልሶ ያኖረዋል።
ማኑዋሉ «ባዶ» ይለዋል።
ባዶስ አይደለም፤ አደራ ነው።
በውስጡ የሃሜሶ ስልክ ቁጥር አለ፣ የትናንቱ ልክ፣
እስከ የት እንዳነበብኩ።

ሰላምታውን እቆርጣለሁ። ጉማሬዋንም።
ለላይብረሪው ቁጥሩ ብቻ፤ ከመስመር መስበሪያው ጋር አምስት ባይት።
የቆረጥኩትን ግን አልጥልም (ምንተስኖት ይህን አያውቅም)፤
የመጻፊያ ተግባርም ለብቻው ሠርቼለት
«ጉማሬ» ወደሚባል ፋይል ይወርዳል።

ሐምሌ ሃያ ሦስት። ዝናቡ ሌሊቱን ሲወርድ አድሮ፣
ላይብረሪው ጠራኝ፤ «ስጪኝ» አለ እንደ ድሮ።
እጄ ላይ ምንም የለም።

እዚህ ላይ ሕጉ ጥብቅ ነው።
ዜሮ ከመለስኩ፣ አለቀ ማለት ነው፤
በሰላም ይዘጋል፣ ግራፉ ይሣላል፣ ማንም አይደነግጥም።
ከዜሮ በታች አንድ ከመለስኩ፣ የተበላሸ ነገር አለ፤
ሁሉም ይቆማል።

«ዜሮ በይው፣» አለ ምንተስኖት ሻዩን እያማሰለ፣
«ሪፖርቱ ለአራት ሰዓት ነው። አንድ ሽማግሌ ቢያረፍድ ምን አለ?»

ጣቴ ቁልፉ ላይ ቆየ።
ሰው አለቀ አይባልም መልእክቱ ስለዘገየ።

ከዜሮ በታች አንድ።
ስክሪኑ በቀይ ተሞላ፤ ምንተስኖት ስሜን ጠራ፤
እኔ ባጃጅ ውስጥ ነበርኩ።

ሐይቁ መንገዱን አልፎ የዓሣ ሻጮቹን ወንበር ይልሳል።
ሃሜሶ የተገለበጠ ጀልባ አጠገብ ቁጭ ብሏል፤
በፌስታል ሩዝ ታቅፏል፣ ሩዙ ውስጥ ስልኩን ቀብሯል።
«ጎንበስ ስል ከደረት ኪሴ ሾልካ ገባች፣» አለኝ፤
«ዋና የማትችል መሆኗን አላወቅኩም።»
ከዚያ ለጀልባው ሆድ በአገጩ አመለከተኝ።
በከሰል፦ ሁለት ሜትር ከሠላሳ ዘጠኝ።
ከሥሩ፣ ደቀቅ ባለ ጽሕፈት፦ እንዴት አደርሽ።

ማታ፣ መብራት ሄዶ ሲመጣ፣ ሌላ ማንበቢያ ጨመርኩ።
ኋላ የተመዘገበ ቀድሞ ይጠየቃል፦
«የጀልባ ሆድ፣ ከሰል። ይህ ያንቺ ነው?»
የኔ ነው።
ለላይብረሪው አምስት ባይት ሰጠሁ፤ በቃው።
ሌላውን ወደ ጉማሬ ጻፍኩ፤
የእኛ ፊደል እያንዳንዱ ሦስት ባይት ይመዝናል፣
የመጻፊያው ተግባር ቆጥሮ መለሰልኝ፦
እንዴት አደርሽ፣ ሃያ አምስት።